ለዚህ ነው ዕድሜ የሰጠኝ?

ጤፍ «ጤፍ» የተባለችው ከእጅ ካመለጠች ጠፋች ማለት ስለሆነ ነው ይላሉ። እውነት ይሁን ተረት የቋንቋ ሊቃውንት ይጨቃጨቁበት። እኔ የማውቀው፣ እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ባለቤቴ ሊጥ በምታቦካበት የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ፣ ጤፍ ተብላ ልትጠራ የሚገባት ሌላ ፍጥረት መኖሯን በሰባ ዓመቴ ማየቴን ነው። ማየት ስል እንኳ ለአፌ ያህል ነው። አላየኋትም። የጣጣው ሁሉ መነሻ እሱ ነው።

ልጄ ናት ያመጣችብኝ። «አባዬ፣ እጅህ ሥራ ፈትቷል፤ ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጠህ ከምትውል ይሻልሃል» ብላ ለልደቴ ትንሽ የአማተር ሬዲዮ ኪት ገዛችልኝ። (ልደት የሚባል ነገር እኛ ቤት የገባው አሜሪካ ከመጣን ወዲህ ነው። የእኔ ቀን ፓስፖርት ሲወጣ በግምት የተሞላ ነው።) ኪት ማለት እንግዲህ ተፈታትቶ የሚሸጥ ሬዲዮ ነው። ፒያሳ ሬዲዮ ጠጋኝ በነበርኩበት ዘመን የተፈታታ ሬዲዮ ይዞ የሚመጣ ደንበኛ «ጋሼ፣ ወንድሜ እጠግናለሁ ብሎ ነው እንዲህ ያደረገው» እያለ አንገቱን ደፍቶ ነበር የሚገባው። እዚህ አገር በሚያብረቀርቅ ወረቀት ጠቅልለው ስጦታ ይሉታል። ሰው ላልሠራው ሥራ ገንዘብ ሲቀበል ያየሁት በዚህ ነው።

ሠላሳ ዓመት ሬዲዮ ጠግኛለሁ። ፊሊፕሱን፣ ግሩንዲጉን፣ ቴሌፉንከኑን። የጀርባው ክዳን ሲነሳ የሞቀ አቧራ ይሸታል፤ አንዳንዴም በረሮ ከነቤተሰቡ ይወጣል። ቫልቩ እንቁላል ያህላል፣ ኮንደንሰሩ አውራ ጣት ያህላል። የዚያን ዘመን ኮንደንሰር ሲታመም እንደ ሰው ነበር፤ ያብጣል፣ ያዣል፣ ይሸታል፣ ሕመሙን አይደብቅህም። ዓይንህን ጨፍነህ በጣትህ ብቻ «ይኼ ነው በሽተኛው» ትለው ነበር። አሁን ካፓሲተር በሉ ይላሉ። ስሙን ቢያስረዝሙት ዕቃው የሚያድግ መስሏቸው እንደሆነ አላውቅም።

ፈቃዱም አለኝ። የአማተር ሬዲዮ ፈተና እዚህ የመጀመሪያው ደረጃ 35 ጥያቄ ነው፤ 26 የመለሰ ያልፋል። እኔ ሠላሳ አራት መልሼ የሳትኳት አንዲት ጥያቄ እስከ ዛሬ ታንገበግበኛለች። ሞርስ ማንኳኳት ቀድሞ ግዴታ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ከፈተናው አወጡት። የዛሬ ልጅ ጣቱን ሳያንቀሳቅስ ፈቃድ ይይዛል። እኔ ግን ማንም ሳያስገድደኝ ሞርሱን ተማርኩ፤ ግዴታ ባለመሆኑ ተናድጄ ማለት ነው።

ታዲያ ኪት ሲባል እኔ የማስበው ሂዝኪትን ነበር። ሚሺጋን፣ ቤንተን ሃርበር የነበረው ኩባንያ። አንዱን አሮጌ መመሪያውን እዚህ የሬዲዮ አፍቃሪዎች ገበያ ላይ በሁለት ዶላር ገዝቼ እንደ ዳዊት አነብበው ነበር። ለእያንዳንዷ እርምጃ አንዲት ምልክት ማድረጊያ ቦታ አላት፤ ይህን ሽቦ ቁረጥ፣ እዚህ አስገባ፣ በይደው፣ ምልክት አድርግ። ሰውን እንደ ሰው የሚያናግር መመሪያ! ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1992 ኪት መሸጡን ተወ። ደግ ነገር መቼ ይበረክታል።

የእኔ ኪት የመጣው በፖስታ ነው። በፖስታ ቤት ማለቴ አይደለም፤ ደብዳቤ በሚታሸግበት ፖስታ ውስጥ። ሳጥኑ ወደ ኋላ ቀርቶ ይሆናል ብዬ ሁለት ቀን ጠበቅሁ። ባለቤቴ ናት «አንተ ሰውዬ፣ ይኼ ነገር ውስጡ ይንኮሻኮሻል እኮ» ያለችው። ስከፍተው የክብሪት ሣጥን የምታህል አረንጓዴ ቦርድና ስስ የወረቀት ጥብጣቦች ዱብ አሉ። በጥብጣቡ ላይ ተራ በተራ የተቦረቦሩ ጉድጓዶች፣ በየጉድጓዱ አንዳንድ የቁንጫ ሬሳ።

ሰርፌስ ማውንት ይሉታል። እግር የለውም። ድሮ ዕቃው ሁለት እግር ነበረው፤ እግሩን በቦርዱ ቀዳዳ ታሾልካለህ፣ በጀርባ ትበይዳለህ፣ ትርፉን ትቆርጣለህ። ይኼኛው ቦርዱ ላይ ደረቱን ሰጥቶ ይተኛል። መጠኑንም በቁጥር ነው የሚጠሩት። 0805 የሚባለው ርዝመቱ ሁለት ሚሊ ሜትር ነው። 0603 የሚባለው 1.6 በ0.8 ነው። 0402 የሚባል አለ፣ አንድ ሚሊ ሜትር በግማሽ፤ እሱ በቀጥታ ጤፍ ነው፣ ምርቃት እንኳ የለውም። የእኔ ኪት እስከ 0603 ድረስ ብቻ ነው የሚወርደው። «ለጀማሪ ታስቦ» ይላል መመሪያው። ለየትኛው ጀማሪ? ለጉንዳን?

የልጄ ልጅ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። አማርኛው «አንተ»ንና «አንቱ»ን አይለይም፣ 0805ንና 0603ን ግን ከሩቅ ይለያል። «አባባ፣ አንተ አትናደድ» አለኝ። «እግር ያለው ዕቃ ፍሪኩዌንሲ ሲጨምር እግሩ ራሱ ኮይል ይሆናል፤ ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር አንድ ናኖ ሄንሪ ያህል። እግር ከሌለው ጣጣ የለውም። ደግሞ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ነው የሚደረድረው፣ በሰዓት በሺህ የሚቆጠር።» ትክክል ነው። ትክክል መሆኑ ነው ያናደደኝ። ማሽን ለማሽን የሠራውን ዕቃ ለእኔ ለምን ይልኩልኛል?

ከሁሉ የከፋኝ ቀለሙ ነው። የድሮ ሬዚስተር ወገቡ ላይ የቀለም ቀለበት ነበረው። ጥቁር ዜሮ፣ ቡናማ 1፣ ቀይ 2፣ ብርቱካን 3፣ ቢጫ 4፣ አረንጓዴ 5 እያልን ነበር ተለማማጅ የምናስተምረው። አንድ ጊዜ አንዱ ቀልጣፋ ልጅ «ጋሼ፣ ባንዲራችን ሬዚስተር ቢሆን ስንት ያነብባል?» ብሎ ጠየቀኝ። አረንጓዴ 5፣ ቢጫ 4፣ ቀይ ሁለት ዜሮ። 5400 ኦም፤ አምስት ነጥብ አራት ኪሎ። «ከአምስት ኪሎ አለፍ ብሎ፣ ስድስት ኪሎ ሳይደርስ» ብለን ስቀን ስቀን ሞትን። ሱቅ ብንፈልገው ግን የለም። በተለመደው ተራ 5.1 አለ፣ ከዚያ ዘሎ 5.6 ነው። ልጁ የምር አዘነ። አሁን ምን አለ? በጥቁር ጀርባ ላይ 103 የሚል ነጭ ጽሑፍ፤ 10 ብለህ ሦስት ዜሮ ትጨምራለህ። እሱንም የምታነብበው በአጉሊ መነጽር፣ ከመስኮት አጠገብ፣ ፀሐይ ከወጣ ነው።

ኮንደንሰሩ ደግሞ ይብሳል፤ ምንም አልተጻፈበትም። መልኩ ቡናማ፣ ጫፍና ጫፉ ብርማ፣ በቃ። 22 ፒኮ ፋራዱም፣ 100 ናኖ ፋራዱም መንታ ናቸው። በመካከላቸው ከአራት ሺህ እጥፍ በላይ ልዩነት አለ፤ ፊታቸው ላይ ግን ጠባሳ እንኳ የለም። ጥብጣቡ ላይ ሳሉ ስም አላቸው፤ ከጥብጣቡ ከወጡ ወላጅ አልባ ናቸው።

እንግዲህ ሥራ ጀመርኩ። ባለቤቴ «እንጀራ በሚቀርብበት ጠረጴዛ ላይ እርሳስ አታቀልጥም» ብላ ስላወጀች፣ እርሳስ የሌለበት ሊድ (ቀልጦ የሚበይደውን ብረት እንዲህ እንለዋለን) ገዛሁ። የድሮው ሊድ በ183 ዲግሪ እንደ ቅቤ ሟሟ ይል ነበር፤ ይኼኛው 217 ካልደረሰ አይሰማም፣ ሲሰማም እያኮረፈ ነው። ፍላክሱ የጥድ ሙጫ ነው። ሲጨስ እሷ ከሳሎን «ዕጣን አጨስህ እንዴ?» ትላለች፤ ቀጥላ ስታሸተው «ይኼስ ሰይጣን የሚጠራ ነው» ትላለች።

ዘዴው ቀላል ነው ይላሉ። በአንዱ ጎን ትንሽ ሊድ ታስቀምጣለህ። ዕቃዋን በወረንጦ ትይዛለህ። ሊዱን እያቀለጥክ ዕቃዋን ወደ ውስጥ ታስገባለህ፣ መበየጃውን ታነሳለህ፣ ሌላውን ጎን ትበይዳለህ። ሲነገር አንድ እስትንፋስ ነው። ሲሠራ ግን እስትንፋስ ክልክል ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ሬዚስተሮች የወሰደብኝ መበየጃው ሳይሆን የራሴ አፍንጫ ነው። በአጉሊ መነጽር ስታይ ደግሞ የወረንጦው ጫፍ ይመታል፤ ቱክ፣ ቱክ፣ ቱክ። እጄ ተንቀጠቀጠ ብዬ ተጨንቄ ሳስተውለው የልብ ትርታዬ ነው። በሕይወት መኖሬ ለሥራው እንቅፋት ሆነብኝ። በሁለት ትርታ መካከል መበየድ ተማርኩ። ቡናም ላይ ሕግ አወጣሁ፤ አቦልን ጠጥቶ 0805 መሥራት ይቻላል፣ ቶና ከተጠጣ 0603 አይነካም፣ በረካ የጠጣ ሰው ከጠረጴዛው ይነሳል።

አንድ የሚያሳቅቅ ነገር ልንገራችሁ። በሁለቱም ጎን ሊዱ እኩል ካልቀለጠ፣ ቀድሞ የቀለጠው ዕቃዋን ይስባታል፤ ተስፈንጥራ በአንድ ጫፏ ቀጥ ብላ ትቆማለች። ባለሙያዎቹ የመቃብር ድንጋይ ነው የሚሏት። አንድ ቀን ሦስት መቃብር ድንጋይ በተርታ አቁሜ ሳያቸው፣ ለሰባ ዓመት ሰው ይህን ስም ያወጣው ማን ነው ብዬ መበየጃውን ነቅዬ ተኛሁ።

በአራተኛው ቀን ነው መዓቱ የወረደው። የ100 ናኖ ኮንደንሰር በወረንጦ ይዣለሁ። ወረንጦ እኛ አገር እሾህ ሊነቀልበት የተፈጠረ ዕቃ ነው፤ እሾህ ደግሞ አይዘልም። ትንሽ ጠበቅ አደረግሁ፣ «ጢን!» አለች። ድምፅዋን ሰማሁ፤ ያረፈችበትን ግን እግዜር ይወቅ። ሌላዋን ላድን ስንደረደር ክርኔ የቀረውን ጥብጣብ መታው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ለእኔ ነው የተተረተው። ባለቤቴ ሊጥ ለማቡካት የጤፍ ዱቄት ከረጢት ከፍታ ነበር፤ «ተው እንጂ! ተው!» እያለች በአንድ እጇ ከረጢቱን ስትጠቀልል፣ በሌላው የትናንቱን ሊጥ ክዳን ትፈልግ ነበር።

የልጄ ልጅ ተጠርቶ መጣ። ባትሪውን ወለሉ ላይ አስተኝቶ አበራ፤ ብርሃኑ በአግድም ሲሄድ ትንሿ ነገር ረጅም ጥላ ይኖራታል። ብልህ ነው፤ አልደብቅም። ቀጥሎ የአያቱን ስቶኪንግ ጠየቀ። ቤቱ ጸጥ አለ። በአቧራ መጥረጊያው ቱቦ አፍ ላይ ሊያለብሰው ነው ለካ፤ ማሽኑ ሲስብ ትንንሹ ዕቃ ጨርቁ ላይ ይቀራል። ግማሽ ሰዓት ምንጣፍ ስበን ያገኘነው፣ ሁለት የቡና ፍሬ፣ አንድ የዕጣን ጠጠር፣ አንድ ቁልፍና ባለቤቴ ከስንት ዓመት በፊት አልቅሳ የተወቻት የወርቅ ጉትቻ። እሷ እልል አለች። እኔ ኮንደንሰር የለኝም።

ምትክ አዘዝኩ። 0603 ብዬ። የመጣልኝ ከጥብጣብ ላይ በትንፋሽ የሚበተን አመድ ነው። ለካ ይኼ 0603 የሚባል ቁጥር ሁለት አባት አለው! በኢንች ሲቆጠር 1.6 በ0.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ በሚሊ ሜትር ሲቆጠር ደግሞ 0.6 በ0.3። በኢንች ስም 0201 የሚባለው ነው የተላከልኝ። በአሥራ ሁለት ወርና በአሥራ ሦስት ወር አቆጣጠር ስንጨቃጨቅ ያደግን ሰዎች ነን፤ ግን የእኛ ልዩነት ሲበዛ ስምንት ዓመት ነው፣ ሰውን ዓይን አያሳውርም። እንደገና አዘዝኩ፣ እንደገና ጠበቅሁ፣ በየድኩ።

አይሲ የምትባለዋን ባለ ብዙ እግር ዕቃ በአንድ ከሰዓት ጨረስኩ። የእግሮቿ ርቀት 1.27 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለዚህ ዘመን ሜዳ ማለት ነው። ሁለት እግሮች በሊድ ሲጣበቁ የመዳብ ሹሩባ ላይ ፍላክስ ቀብቶ በመበየጃ ሲጫኑት ትርፉን ይመጠዋል። ይህን ነገር ወድጄዋለሁ። ለማንም አልነገርኩም።

አንቴናው ሌላ ሮሮ ነው። ለ7 ሜጋ ኸርዝ ሃያ ሜትር ሽቦ ያስፈልጋል። እኛ ያለነው አፓርታማ ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ሽቦውን ከበረንዳው ወደ ዛፉ በሌሊት ዘረጋሁት። ሽቦው የልብስ ማስጫ መስሎ እንዲታይ አንድ ነጠላ አንጠልጥለንበታል። አዲስ አበባ፣ አምስት ኪሎ ቴክኖሎጂ ግቢ ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ ኢቲ 3 ኤኤ በአየር ላይ ቢጠራኝ ስል አልማለሁ። ይቺ ሬዲዮ በምትልከው ግማሽ ዋት! ላም አለኝ በሰማይ ነው። ግማሽ ዋት የገና ዛፍ ላይ ያለች አምፖል በቅጡ አታበራም።

ማታ ሦስት ሰዓት ላይ አበራሁት። መጀመሪያ ሹሹታ ብቻ፤ ድስት ላይ እንደሚቁላላ ሽንኩርት። ከሥሩ ግን ቀጭን ሞርስ፣ ዳ-ዲ-ዳ-ዲ፣ ዳ-ዳ-ዲ-ዳ፤ አንድ ሰው «ማንም ካለ» እያለ ይጣራል። ጠራሁት። ኦሃዮ ያለ ሽማግሌ ነው፤ ሽማግሌ መሆኑን እጁ ይናገራል፣ አይቸኩልም። 339 ሰጠኝ። የመጀመሪያዋ 3 በጭንቅ ነው የምሰማህ ማለት ናት፤ ሁለተኛዋ ደካማ ነህ። የመጨረሻዋ 9 ድምፅህ ጥሩ ነው ማለት ናት። ለትምህርት ቤት ቢሆን ወላጅ የሚያስጠራ ውጤት ነው። ወረቀቱን ግን ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፌዋለሁ።

ሆኖም ቅሬታ አለኝ። ሬዲዮው 7.030 ሜጋ ኸርዝ ላይ እንዲሠራ ነው የተባለው። ልጁ በመለኪያ ሲያየው ከአንድ ኪሎ ኸርዝ ተኩል በላይ ከፍ ብሏል። ፍሪኩዌንሲውን የሚወስነው ክሪስታሉ ነዋ! ርካሽ ክሪስታል ልከውብኛል! ሌሊቱን ቁጭ ብዬ ለሻጩ ደብዳቤ ጻፍኩ። «ሠላሳ ዓመት በሙያው ላይ የቆየሁ ሰው ነኝ» ብዬ ጀመርኩ። «እንደናንተ ያለውን ዕቃ በእኛ ዘመን» የሚል አንቀጽም አለበት። ልጁ እንግሊዝኛውን ሲያስተካክል «አባባ፣ ትንሽ ይቀንስ?» አለኝ። አይቀነስም አልኩ። ተላከ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ባለቤቴ ያን ከረጢት አውጥታ ዱቄት ትነፋለች። ወንፊቱን በመዳፏ ጠፍ ጠፍ ታደርጋለች። ድንገት ቆመች። ወንፊቱን ወደ መስኮቱ አዘነበለችና በጣቷ ጫፍ አንዲት ነገር አንስታ መጣች። «ሰርገኛ ጤፍ ነው የገዛሁት፤ ይኼ ግን ሳይፈጭ የቀረ አይደለም። ያንተ ሰው ናት?»

አጉሊ መነጽሬን አደረግሁ። ቡናማ፣ ጫፍና ጫፏ ብርማ። እሷ ናት! በደስታ ወደ መለኪያው ወሰድኳት። 100 ናኖ ፋራድ ይል ዘንድ እየጠበቅሁ መለኪያው 22 ፒኮ አለ። ደግሜ ለካሁ። 22 ፒኮ።

22 ፒኮ ጠፍቶብኝ አያውቅም። መመሪያው ላይ ሁሉም ምልክት ተደርጎባቸዋል፣ በእኔ እጅ፣ በቀይ እስክሪብቶ። ቦርዱን ገለበጥኩ። ክሪስታሉ አጠገብ፣ በአንድ ጎኑ ሊድ የተቀባ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ባዶ ቦታ አለ። ሊዱን አስቀምጬ፣ ዕቃዋን አሳርፌ፣ ምልክቴን አድርጌ ተነስቻለሁ፤ ዕቃዋ ግን ከወረንጦው ጋር አብራ ተነስታ ኖሯል። ክሪስታሉን ወደ ታች ጎትታ 7.030 ላይ የምታስቀምጠው ደግሞ እሷ ነበረች። እሷ ከሌለች ክሪስታሉ ከፍ ይላል። ከአንድ ኪሎ ኸርዝ ተኩል በላይ።

«ልጁን ጥሪልኝ» አልኩ። «ሌላ ደብዳቤ አለ። አጭር ነው።»

ባለቤቴ ግን አልሄደችም። «ይቺ ያቺ ካልሆነች» አለች ቀስ ብላ፣ «ያቺ መጀመሪያ የዘለለችውስ?»

ያን ቀን ክዳኑን ስትፈልግለት የነበረውን የሊጥ ዕቃ አየሁ። እሷም አየችው። ከዚያ ሁለታችንም ወደ መሶቡ ዞርን። አንድም ቃል አልተነፈስንም፤ እኔ ግን ከዚያ ሳምንት ወዲህ የበላሁትን እንጀራ በጣቴ መቁጠር ጀምሬ ነበር።